ሞተር ማስጓራት ይጎዳል? ከማስነሳት እስከ ማጥፋት የሚሆን መመሪያ

ቀጥታ ወደ መልሱ እንግባ። በደንብ የሞቀ፣ ዘይቱ ያልጎደለና ጤነኛ የሆነ ሞተር ከቀዩ መስመር (አምራቹ ከፈቀደው የመጨረሻ ዙር) በታች እስከሆነ ድረስ ከፍ ባለ ዙር ቢሠራ አይጎዳም። የሚጎዳው ያው ዙር ያለ ሰዓቱ ሲመጣ ነው፦ ጠዋት ሞተሩ ገና ብርድ ላይ እያለ፣ ዘይት ጎድሎ፣ ውሃ እየፈላ፣ ወይም ማርሽ ተሳስቶ ገብቶ። ከዚህ ሌላ ብዙ ሹፌር የማይጠረጥረው ጉዳት አለ፤ ጩኸት ፈርቶ መኪናውን ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ማፈን። እንደኔ ግምት በእኛ አገር መንገድ ላይ ከማስጓራቱ ይልቅ ችላ የሚባለው ማፈኑ ነው።

ጉዳዩ አሁን ከድሮው ይልቅ ኪስ ይነካል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ ደጅ የቆመችውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ በሌላ የነዳጅ መኪና መለወጥ ቀላል አይደለም። ሞተር ሲሞት መንገዱ ወደ ሶማሌ ተራ ነው፤ እዚያ የሚገኘውን ያገለገለ ሞተር ደግሞ የቀድሞ ባለቤቱ እንዴት አድርጎ እንደነዳው የሚነግርዎት የለም።

ዙር ሲጨምር ውስጥ ምን ይሆናል?

በብዙ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ላይ የሚገኘውን ባለ 1.5 ሊትሩን 1ኤንዜድ ሞተር እንውሰድ። ፒስቶኑ ከላይ እስከ ታች የሚጓዘው 84.7 ሚሊ ሜትር ነው። በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ይህ ፒስቶን በአንድ ሰከንድ 50 ጊዜ ወርዶ ይወጣል፤ አማካይ ፍጥነቱም በሰከንድ 8.5 ሜትር ገደማ ነው። በ6000 ዙር ፍጥነቱ 17 ሜትር ይጠጋል። ቢየላውን (ፒስቶኑን ከዋናው ዘንግ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘውን ብረት) የሚጎትተው ኃይል ግን በእጥፍ ብቻ አያድግም፤ ዙሩ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ2000 ወደ 6000 ሲወጣማ ዘጠኝ እጥፍ። ቀዩ መስመር የሚሰመረው አምራቹ ይህን አስልቶ፣ ቢየላው፣ ብሎኖቹና የቫልቭ ሞላዎቹ የሚችሉትን አይቶ፣ ጥቂት መጠባበቂያም ትቶ ነው።

ከመስመሩ ሲያልፍ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሸነፈው የቫልቭ ሞላ ነው። ሞላው ቫልቩን በጊዜው መመለስ ያቅተዋል፤ ቫልቩ ሳይዘጋ ፒስቶኑ ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ማስከፈት ነው።

ከመስመሩ በታች ሲሆን ደግሞ ሁሉም ነገር በዘይት ላይ የቆመ ነው። በብሮንዙ፣ ማለትም ክራንክሻፍቱ በሚያርፍበት ቀለበት፣ እና በክራንክሻፍቱ መካከል ያለው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን እስካለ ድረስ ብረት ከብረት አይነካካም። ሽፋኑ ሲጠፋ ግን ቀይ መስመር ድረስ መሄድም አያስፈልግም፤ በ2000 ዙርም ሞተር ይነክሳል (ብረቱ ተጣብቆ ይቆማል)። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው ዘይት ላይ ቢመለሱ አይግረምዎት።

1. የሞተርዎን ወሰን ይወቁ

ዳሽቦርድ ላይ ከ0 እስከ 8 የተጻፈበት ቆጣሪ ካለ፣ ቁጥሩን በ1000 ያባዙት፤ ቀይ የተቀባው ቦታ የት እንደሚጀምር ይዩ። ለአብዛኛው የቤንዚን አውቶሞቢል ከ6000 እስከ 6500 አካባቢ ነው። የናፍጣ ፒክአፕና ሚኒባስ ከ4000 እስከ 4500 አካባቢ ላይ ያበቃል። ትልልቅ የጭነት መኪኖች ከዚያም በብዙ ያንሳሉ። የአውቶሞቢል ሹፌር የነበረ ሰው የጭነት መኪና ሲይዝ በጆሮው ብቻ ቢተማመን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እንደ ዲኤክስ ያሉ አሮጌ ቶዮታዎች ብዙዎቹ ቆጣሪ የላቸውም። ለነሱ የሚሠራው ደንብ ቀላል ነው፦ ነዳጅ ሲጨምሩ ጩኸቱ እያደገ መኪናው ግን ፍጥነት ካልጨመረ፣ ያ ማርሽ የሚሰጠውን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ይለውጡ። አዲስ ለሆኑት መኪኖች ከመሪው ሥር በሚገኘው የምርመራ ሶኬት ላይ የሚሰካ የኦቢዲ ማንበቢያ አለ፤ ዙሩንና የውሃውን ሙቀት በስልክ ላይ ያሳያል። ርካሽ ነው፣ ለአሮጌ መኪና ባለቤት ከማንኛውም ጌጥ ይበልጥ ይጠቅማል።

2. ሳያስነሱ ዘይትና ውሃ ይዩ

መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ቢያንስ አምስት ደቂቃ አልፎት፣ የዘይት መለኪያውን ስበው ይጥረጉ፣ መልሰው ይክተቱና እንደገና ይሳቡ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ በተለይም ወደ ላይኛው ተጠግቶ መሆን አለበት። ከታችኛው ምልክት በታች ሆኖ ዳገት ወይም ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሞተሩን ማስጮህ ማለት፣ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ፓምፑ አየር ስቦ ብሮንዙን ያለ ዘይት ማስሮጥ ነው። ከላይኛው ምልክት እጅግ ማለፍም ጥሩ አይደለም፤ ክራንክሻፍቱ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አይለይም።

ውሃን በተመለከተ ከፍታችን የሚያመጣው አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞተሩ ቴርሞስታት ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በ82 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በመካከሉ የሚቀረው ጥቂት ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተር ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ጎማው ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ፣ ዳገት ላይ በ4000 ዙር ሲወጡ ውሃው ይገነፍላል፤ ከዚያ ሰው «ሞተሩን ስላስጮህኩት ነው» ይላል። ጥፋቱ የክዳኑ ነበር። ክዳኑን የሚያዩት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ የጋለ ራዲያተር መክፈት ፊት ያቃጥላል።

3. ሲያስነሱ ነዳጅ አይርገጡ

ጠዋት ቁልፍ ዞሮ ሞተሩ እንደተነሳ ሁለት ሦስት ጊዜ «ቩም ቩም» ማድረግ ከካርቡሬተር ዘመን የቀረ ልማድ ነው። ላዳ ታክሲ የነዳ ሰው ያስታውሳል፤ ቾክ ተስቦ፣ ነዳጅ ተረግጦ፣ ካልተደገፈ ይጠፋ ነበር። የዛሬው ኢንጄክሽን ሞተር ይህን ሥራ ራሱ ይሠራዋል። ሲነሳ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበትን ዙር) ራሱ ወደ 1200 ወይም 1500 ከፍ አድርጎ ሲሞቅ ያወርደዋል። እግርዎን ከፔዳሉ ያንሱለት።

ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ነው፤ ከታች ካለው ቋት ተነስቶ ላይ እስከ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ደብረ ብርሃን ላይማ ከዚያም ይብሳል። በዘይቱ ቆርቆሮ ላይ «5ደብሊው-30» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈስ የሚያሳይ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ቶሎ ይፈሳል። ሞተሩ ዘይት ይበላል ብለው ወፍራም የጨመሩ ሰዎች የጠዋቱን ጥንቃቄ እጥፍ ሊያደርጉ ይገባል።

ግማሽ ሰዓት አቁሞ ማሞቅም አያስፈልግም። ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ቀበቶ አስረው መስታወት እስኪያስተካክሉ ማለት ነው። ቆሞ የሚሞቅ ሞተር ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልተቃጠለ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

4. የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በለስላሳ ይንዱ

ከ2500 ዙር ሳያልፉ፣ ፔዳሉን ሳይደፍቁ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። እዚህ ላይ የሙቀት መለኪያው ያታልላል፤ እሱ የሚያሳየው ውሃውን ነው። መርፌው መሐል ሲደርስ ዘይቱ ገና ወደኋላ ነው፤ ሌላ ያንኑ ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ቤትዎ ዳገት ሥር ከሆነና ከግቢ እንደወጡ መውጣት ግድ ከሆነ፣ ማርሽ ዝቅ አድርገው በመካከለኛ ዙር በዝግታ ይውጡ እንጂ በከፍተኛ ማርሽ አያፍኑት።

አዲስ የተገጣጠመ ወይም ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) እና ብሮንዝ የተለወጠለት ሞተር ላይ ይህ ጥንቃቄ እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ያኔ ከፍተኛ ዙርም፣ ለረጅም ሰዓት አንድ ዓይነት ዙርም አይመከርም። ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው ዙሩ ከፍ ዝቅ ሲል ነው።

5. ዳገት ላይ አይፍሩ፣ ያስጩሁት

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሰው ሞልታ የምትወጣ ቪትዝን አስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም የዚያኑ ያህል ጉልበት ያጣል። እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ይህን ጉልበት የሚያካክሰው ዙር ነው። ቶኪዮ ላይ በሦስተኛ ማርሽ በ2000 ዙር የሚወጣውን ዳገት እዚህ በሁለተኛ በ3500 መውጣት ነውር የለበትም።

ሹፌሩ ግን ጩኸቱን ሲሰማ ነዳጅ የሚበላበት ይመስለውና ቶሎ ወደ ላይኛው ማርሽ ያሻግራል። ያኔ ሞተሩ በ1300 ዙር፣ ፔዳሉ ወለል ነክቶ፣ እየተንቀጠቀጠ ያቃስታል። ውስጡ የሚሆነው ይህ ነው፦ በዝግታ የሚሄደው ፒስቶን ላይ ከፍተኛ የቃጠሎ ግፊት ረዘም ላለ ጊዜ ይጫናል፤ የዘይት ፓምፑ በሞተሩ ዙር ስለሚሠራ ግፊቱ ዝቅ ብሏል፤ የብሮንዙ ዘይት ሽፋን ሳስቷል። ቤንዚኑም ያለ ጊዜው እየተቀጣጠለ እንደ ጠጠር «ቅጭ ቅጭ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ይህን ድምፅ ከሰሙ እግርዎን ከፔዳሉ ላላ አድርገው ወዲያው ማርሽ ያውርዱ።

ለቤንዚን መኪና ዳገት ላይ ከ3000 እስከ 4500 ያለው ቦታ ምቹ ነው። ናፍጣው ጉልበቱ ከታች ስለሆነ ከ1800 እስከ 2800 ይበቃዋል። አውቶማቲክ ከሆነ የኦቨርድራይቭ (የከፍተኛው ማርሽ) ማጥፊያውን ይጫኑ ወይም ወደ «2» ያውርዱ፤ አለዚያ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) በሁለት ማርሽ መካከል ሲዋልል ዘይቱን ያግላል። ሲቪቲ (የማርሽ ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ) ያላቸው መኪኖች ዳገት ላይ ዙሩን አንድ ቦታ ሰቅለው እየጮሁ ይወጣሉ፤ ይህ አሠራራቸው እንጂ ብልሽት አይደለም።

ዓይንዎ ግን ከሙቀት መለኪያው አይራቅ። መርፌው ከተለመደው ቦታው ማለፍ ከጀመረ ይቁሙ፣ ሞተሩን በሚኒሞ ትተው ቬንትሌተሩ እስኪያቀዘቅዘው ይጠብቁ። ቀዩ የዘይት ምልክት ከበራ ግን መጠበቅ የለም፤ ዳር ይዘው ወዲያው ያጥፉ።

6. ቁልቁለት ላይ ጩኸቱ ወዳጅዎ ነው

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ሊማሊሞ ላይ፦ በነዚህ መንገዶች መኪናን በዜሮ ማርሽ ለቆ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል እምነት አለ። ለኢንጄክሽን መኪና ስሌቱ ተቃራኒ ነው። ማርሽ ገብቶ እግርዎ ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ኮምፒውተሩ መርጨቱን ያቆማል፤ ሞተሩ በ3500 ዙር እየጮኸ የሚጠጣው ቤንዚን የለም። በዜሮ ሲወርዱ ግን እንዳይጠፋ ለሚኒሞው ነዳጅ ያስፈልገዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍሬኑ ብቻውን ሲቀር ይግላል፣ ከዚያ አልይዝ ይላል።

ደንቡ፦ ቁልቁለቱን ሽቅብ ቢወጡት በሚጠቀሙበት ማርሽ ይውረዱት። ጩኸቱ ከቀዩ መስመር በታች እስከሆነ ድረስ ሞተሩ አይጎዳም። ወደ መስመሩ ከተጠጋ በፍሬን ያዝ አድርገው ዙሩን ያውርዱት። ጭነት ላይ ያሉ የናፍጣ መኪኖች እዚህ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ የነዳጅ ፓምፑ ዙሩን የሚገድበው ነዳጅ በመከልከል ነው፣ ጎማው ሞተሩን ሲገፋው ግን የሚከለክለው ነገር የለውም። ማርሽ መምረጥ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ነው፣ መሐል ላይ አይደለም።

7. እጅ እንዳይስት

ዘመናዊ ሞተሮች ዙር ሲያልፍ ነዳጅ የሚቆርጥ መከላከያ አላቸው። ስለዚህ በነዳጅ ፔዳል ብቻ ሞተር መግደል ከባድ ነው። መከላከያው የማያድነው ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ሊያወርዱ ፈልገው እጅ ስቶ ሁለተኛ ሲገባ ነው። በአምስተኛ በ3000 ዙር ይሄድ የነበረ ሞተር ሁለተኛ ውስጥ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ወደ 7000 ይወረወራል፤ የሚገፋው ጎማው ነውና ነዳጅ መቁረጥ ምንም አያደርግም። ማርሹ እምቢ ካለ በኃይል አያስገቡ፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ ሞተሩ ሲያጓራ ከሰሙ መልሰው ይርገጡት።

በአውቶማቲክ ደግሞ በ«ኤን» ላይ ሞተሩን አስጓርቶ ወደ «ዲ» መጣል አለ። ወጣቶች ይወዱታል። የሚሰበረው ካምቢዮው ነው፣ ዋጋውም ከሞተር ብዙ አይርቅም።

8. ቆሞ ማስጓራት

ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ «ነዳጅ ስጠው» ሲል የሞቀ ሞተርን ለጥቂት ሰከንድ እስከ 3000 ማድረስ ምንም አያመጣም። ለሌላ መኪና ባትሪ ሲያበድሩ እስከ 2000 መያዝም እንዲሁ። ያገለገለ መኪና ሊገዛ ሄዶ ቀዝቃዛውን ሞተር እስከ መጨረሻው መርገጥ ግን የሰው ንብረት ማበላሸት ነው፤ የሚያሳየውም ነገር የለም። የሚፈልጉት ጭስ ከሆነ ሞተሩ ሞቆ፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ቆይቶ፣ ከዚያ በድንገት ነዳጅ ሲሰጠው ማርሚታውን ይመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ጥቁር ነዳጅ በዝቷል። የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃው ከጎደለ ጋር ሲመጣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ያስጠረጥራል።

አውሮፓ ለምትኖሩ፦ የናፍጣ መኪና በየጊዜው በሚደረገው ምርመራ ጭሱ የሚለካው ሞተሩን ቆሞ እስከ መጨረሻው በማስጓራት ሊሆን ይችላል። የታይሚንግ ቺንጋው (ካምሻፍቱን የሚያዞረው ቀበቶ) ጊዜው ያለፈበት መኪና ይዞ መግባት ቁማር ነው። ቺንጋው ይለወጥ፣ መኪናው ሞቆ ይድረስ።

9. ተርቦ ላለው፣ ሲያጠፉ

ተርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ዘይቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። ረጅም ዳገት ወጥተው ወይም በፍጥነት ነድተው ሲደርሱ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይተዉት። ከማጥፋት በፊት አንዴ «ቩም» አድርጎ ቁልፍ መዝጋት የሚባለው የቆየ ልማድ ለተርቦ መርዝ ነው፦ ተርቦው በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ዘይቱ ይቆማል።

ያረጀ የናፍጣ ሞተር ተርቦው ዘይት ማሳለፍ ከጀመረ የራሱን ዘይት እያቃጠለ እግር ሳይነካው ዙሩ ሊወጣ ይችላል። ቁልፍ ቢዘጋም አይጠፋም። ማኑዋል ከሆነ ፍሬን አጥብቀው ይዘው ከፍተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ያፍኑት፤ ማፈን የሚፈቀደው እዚህ ብቻ ነው። ካልሆነ አየር የሚገባበት ቧንቧ በጠንካራ ነገር ይዘጋል፣ በእጅ ግን ፈጽሞ።

10. ከቀዩ መስመር አልፎ ከሆነ

በነዳጅ ፔዳል ብቻ ከሆነና መከላከያው ይዞት ከሆነ፣ ዘይትና ውሃ አይተው ይቀጥሉ። በማርሽ ስህተት ከሆነ ግን ዳር ይዘው በሚኒሞ ያዳምጡ። አዲስ የመጣ «ጠቅ ጠቅ» ከላይ ከተሰማ ቫልቭ፣ ከታች ከባድ «ዱም ዱም» ከሆነ የቢየላ ብሮንዝ ይጠረጠራል። አንዱ ሲሊንደር ካልሠራ ሞተሩ ይንገጫገጫል። ከነዚህ አንዱ ካለ በራሱ አይነዳም፤ ይጎተታል። ምንም ካልተሰማም ጋራዥ ደርሰው የአራቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለካ፤ ካንዴላ ነቅሎ መለካት አጭር ሥራ ነው። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ፣ መካኒኩ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና ይለካው፦ ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው ነው፣ ካልወጣ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ።